ሰብሮ የሚጠግነው ይመር

የይመር አራጌን መርዶ የነገረን ሰው የለም። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት ከሰሜን በእግሩ እየተመለሰ በሐይቅ ሲያልፍ፣ ልጅ የሄደበት ሁሉ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ የሚያልፈውን ፊት አንድ በአንድ ይመለከት ነበር። የይመር አባት አቶ አራጌም በርጩማቸውን ይዘው ጠዋት ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። አንዱ ወታደር ከረን አካባቢ አይቼዋለሁ አላቸው፤ ሌላው ሱዳን ተሻግሯል አለ፤ አንዱ ደግሞ ስሙን ሲሰማ አቀርቅሮ ውሃ ለመነና ጠጥቶ አለፈ። ላልተረዱት ሰው ለቅሶ አይቀመጡም። አቶ አራጌም ሳይረዱ፣ ሳያለቅሱ አረፉ።

በሐይቅም በአምባሰልም ስለ ይመር የሚወራው ክፉ ነው። ወጌሻነቱ እንዲታወቅለት የሰው ልጅ እግር በአደባባይ የሰበረ ሰው ነው ይሉታል። ልጅ ሲያስቸግር "ይመርን እጠራልሃለሁ" የሚሉ እናቶች እንኳ ነበሩ። እኔ ነገሩ ሲጀመርም ሲፈጸምም ከአጠገቡ ነበርኩ። እንዳልናገር አስምሎኝ ስለነበር ይህን ሁሉ ዘመን ስሙ ሲጎድፍ ከንፈሬን ነክሼ ሰማሁ። ያስማለኝ ለአንዲት እናትና ለልጇ ሲል ነው። እናትየዋ ካረፉ ቆዩ። ልጁም አምና ቤቴ ድረስ መጥቶ "ጋሼ አሰፋ፣ ይናገሩት፤ እኔ ተሸክሜው አልሞትም" አለኝ። እነሆ እናገራለሁ።

ይመር የሐይቅ ቡድን ቀኝ ተከላካይ፣ እኔ በረኛው ነበርን። ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ፣ ለመናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሜዳ ላይ ሰው ከጣለ ራሱ ያነሣዋል፤ አንሥቶም አያበቃም፣ አፈሩን ከልጁ ቁምጣ ላይ ያራግፍለታል። እኛ በዚህ እንስቅበት ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ የምታነሣው ከሆነ ለምን ትጥላለህ?" እንለዋለን። "ስጥል ኳሷን ነው የማየው፤ ሰውዬውን የማየው ከወደቀ በኋላ ነው" ይለናል። ያኔ ቀልድ ነበር።

የውጫሌ ቡድን ሰይድ የሚባል የግራ ክንፍ ነበረው። ኳስ ስትደርሰው ጥጥ የሚሸጡት ሴቶች ሳይቀሩ ሚዛናቸውን ትተው ቆመው ያዩታል። ለክፍለ ሀገሩ ምርጥ ቡድን ተመርጦ ወደ ደሴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከእኛ ጋር ገጠመ። ዝናብ ጥሎ አደረና ሜዳው ያዳልጣል። ሰይድ ይመርን ሸውዶ ወደ እኔ መጣ። ይመር ከኋላው ተንሸራቶ ገባ። ኳሷን ፈልጎ ነው፤ በረኛ ከፊት ለፊት ያያልና በዚህ ማንም አያከራክረኝም። ያገኘው ግን የሰይድን ቅልጥም ነው። ድምፁን እዚህ አልጽፈውም።

ሰይድን ውጫሌ ያሉት ወጌሻ አባ ጌታሁን አሽተው አሰሩት። ስብራቱ ሁለት ቦታ ነበርና አጥንቱ ጠምሞ ገጠመ። ደሴ ቀረ፣ ኳስም ቀረ። ሰይድ የልብስ ስፌት መኪና ፊት ተቀመጠና በደህና እግሩ መርገጫውን መርገጥ ጀመረ።

በእኛ አገር ሰው ሰውን ከጎዳ መውጫ መንገድ አለው። እስላሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው አበጋሮች፣ አስታራቂ ሽማግሌዎች ማለት ነው፣ ይላካሉ። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ ደጅ ይወድቃል። ተበዳይ የሆዱን ተናግሮ ይቅር ይላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ነገሩ ይዘጋል። ይመርም ሽማግሌ ላከ፤ ድንጋዩንም በማጅራቱ ተሸክሞ ከኋላቸው ሄደ። አብሬው ነበርኩ። የሰይድ እናት እትዬ ዘሀራ ከበራቸው ወጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት ወንድ ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ዱዓቸው ይደርሳል የሚባሉ ሴት ናቸው። ድንጋዩን አይተው እጃቸውን አወራጩ።

"ኧረ ያ ረቢ፣ ምን ሆናችሁ? ኳስ እኮ ነው! ደም አልተቃባን፣ ጠብ የለን። ጠብ ሳይኖር ምኑን እንታረቃለን? አብሽር ይመር፣ አውርደው።"

ሽማግሌዎቹ በደስታ መረቋቸው። አገሩ ሁሉ ጨዋነታቸውን አወራ። እኔም እንዲህ ያለች እናት አላየሁም ብዬ ተናገርኩ። ይመር ድንጋዩን መንገድ ዳር አስቀምጦ ብዙ መንገድ ሄደና፣ "አሰፋ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር" አለኝ።

ያኔ አልገባኝም ነበር። ኋላ ግን ሳየው ገባኝ። ተቀይሜሃለሁ ያለውን ሰው ሽማግሌ ያስታርቃል፤ አልተቀየምኩም ያለችን ሴት ግን ምን ብለው ያስታርቋታል? ሰውየው በደሉን ይዞ የሚገባበት ደጅ አጣ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያሉት የነፍስ አባቱ ጾምና ስግደት አዘዙት፤ ፈጸመ። ከገዳሙ ሲመለስ መንገድ ላይ አግኝቼ "ተፈታህ?" አልኩት። "የእግዜሩን ተፈታሁ፤ የሰይድ እግር ግን እንደ ጠመመ ነው" አለኝ።

ኳስ ተወ። ታኬታውን ለማን እንደሰጠው አላውቅም። ከዚያ አንድ ቀን አባ ጌታሁን ዘንድ ሄዶ "ያስተምሩኝ" አላቸው፤ ያንን እግር ያሰሩትን ወጌሻ! ሽማግሌው መጀመሪያ ሊወቅሳቸው የመጣ መስሏቸው ተቆጡ፤ በኋላ ግን ያዙት። የበግ አጥንት በጆንያ ሸፍነው በጣቱ እንዲያውቀው ያደርጉት ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ይመር ከእሳቸው በለጠ። ከሐይቅ እስከ ግሸን ሥር ድረስ የወለቀ ክንድ፣ የተሰበረ እግር ሁሉ ይመር ይጠራ ይባል ጀመር።

አብረን ስንሄድ አያወራም፤ የሰው አረማመድ ያያል። የማያውቀውን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ "ወንድሜ፣ ግራ ዳሌህን ጥለኸዋል፤ መቼ ወደቅክ?" ይላል። ሲያስብ ቁጭ ብሎ የራሱን ቅልጥም በአውራ ጣቱ ከላይ ወደ ታች ይዳብሳል። ከሰይድ ጋር ሲሄድ ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ነው፤ ቀድሞት ሲራመድ አላየሁም። በየገበያው ቀን ውጫሌ ሄዶ እነ ሰይድን ይጠይቃል፤ በእርሻ ወቅት በሬ ይጠምድላቸዋል። እትዬ ዘሀራን ያገኘ ቁጥርም "እትዬ፣ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ" ይላል። እሳቸውም "አፊያህን ይስጥህ፣ ምንም" ይሉታል። ሰይድ ተጫዋች ልጅ ነበርና ከስፌት መኪናው ላይ ሆኖ ይስቅበታል።

"መጣህ ደግሞ? ሰው ወጌሻ ሲፈልግ አውቃለሁ፤ ወጌሻ ሰው ሲፈልግ ያየሁት አንተን ነው።"

እንዲህ እየኖርን ነው የብሔራዊ ውትድርናው ነገር የጠናብን። መጀመሪያ በጥሪ ነበር። ከድርቁ በኋላ ግን ጦሩ እየከፋ ሲሄድ፣ ለገበሬ ማኅበሩ የመጣው ኮታ አልሞላ ሲል ከገበያም፣ ከሠርግ ቤትም ማፈስ መጣ። ኦራል የሚሉት የወታደር ካሚዮን ውጫሌ ገባ ሲባል ጎረምሳ የተባለ ወደ አምባሰል ገደል ይሮጣል። ሰይድንም ከስፌት መኪናው ላይ አንሥተው ወሰዱት። ደሴ አድርሰው ሱሪውን ሲያስጠቀልሉት ጠማማውን ቅልጥም አዩና አባረሩት።

የተመለሰ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ እኔና ይመርም ደረስን። እትዬ ዘሀራ ልጃቸውን አቅፈው አገላብጠው ከሳሙ በኋላ፣ ዝቅ ብለው ያን የጠመመ ቅልጥም ሳሙት።

"አልሃምዱሊላህ! ይቺ እግር ባትሰበር ልጄን መቼ አየው ነበር!"

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ይመርን አየው። አንዳንዱ ፈገግ አለ። ይመር ፊቱ ጠቁሮ ወጣ። ተከትዬው ወጥቼ "ምነው፣ ደስ ሊልህ ሲገባ" ስለው፣ "አሰፋ፣ የሴቶቹን ዓይን አላየህም? ይህ ነገር እዚህ አይቆምም" አለ።

አልቆመም። ገበያ ላይ እናቶች ይመርን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ። አንዷ ስታየው ልጇን ከኋላዋ ከልላ ታልፋለች። ሌላዋ ቆማ ከልጇ እግር ወደ ይመር እጅ፣ ከይመር እጅ ወደ ልጇ እግር ትመለከታለች። አፍ አውጥቶ የተናገረ አልነበረም። እኔ ግን ከእሱ ጋር መሄድ ያስፈራኝ ጀመር።

መኸር ተሰብስቦ እንዳበቃ ኦራሉ ተመልሶ ይመጣል የሚል ወሬ ተነዛ። በዚያ ሰሞን እትዬ ዘሀራ ይመርን አስጠሩት። አብሬው ሄድኩ። አውድማው ላይ ገለባ እየሰበሰቡ ነበር። መንሹን አስቀምጠው ተቀመጡ፣ እኛንም አስቀመጡን።

"ይመርዬ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ምን ላድርግ ስትለኝ ኖርክ። ዛሬ የምታደርግልኝ አለኝ።"

ይመር ከተቀመጠበት ተነሣ። ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አላየሁም ነበር። "ይዘዙኝ እትዬ!" አለ።

"ሙሄን ስበርልኝ።"

ሙሄ የሰይድ ታናሽ መሐመድ ነው፤ ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነው። እኔ ሞኙ የሚቀልዱ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከይመር ላይ አላነሡም።

"እትዬ፣ ይህስ አይሆንም" አለ ይመር።

"ታውቅበታለህ። የት ቢሰበር ቀጥ ብሎ እንደሚገጥም ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ በእግሩ ሰንካላ የሆነውን ልጄን ሲመልሱልኝ አየሁ። ሙሉ እግር ይዘው የሄዱት የነ እንድሪስ ልጆች የት አሉ? አንዱን አየኸው?"

"እትዬ፣ ያኔ እኮ ሳላስብ ነው። አሁን አስቤ?"

"ታዲያ ሳታስብ ያደረግከውን አስበህ ካስልኝ" አሉት።

ይመር ቁጭ ብሎ ቅልጥሙን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። በመጨረሻ "ልጁ ራሱ በአፉ ካልነገረኝ አልነካውም" አለ። እምቢ ይላል ብሎ ነው። እኔም እምቢ ይላል ብዬ ነበር።

ሙሄ በሳምንቱ በእህል መኪና ሐይቅ መጣ። ይመር ቤት በራፍ ላይ ተቀምጠን አገኘን። እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም፣ ይፍተለተላል።

"ጋሼ ይመር፣ ያማል?"

"ያማል።"

"ኳስ ላይ ይሁን" አለ ልጁ። "ቤት ውስጥ ከሆነ ሆን ብላችሁ ነው ይሉናል፣ እናቴንም ያስሯታል። ኳስ ላይ ከሆነ ማንም ምንም አይልም። ለወንድሜ ጊዜ ማን ምን አለ?"

ይመር ይህን ሲሰማ ሰው በጥፊ እንደመታው ፊቱን አዞረ። ልጁ ክፉ አስቦ አልነበረም። ይመር ግን ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ወደ ነፍስ አባቱ ሄዶ ነገራቸው። "ምን አሉህ?" ስለው፣ "አላዘዙኝም፣ አልከለከሉኝም። መስቀሉን አሳለሙኝና አለቀሱ" አለ። ያስማለኝም ያን ዕለት ነው።

የሐይቅ ነባር ተጫዋቾች ከውጫሌ ወጣቶች ጋር እንዲጫወቱ ተባለ። ይመር ቁምጣ ለብሶ ሜዳ ሲገባ የድሮ ጓደኞቹ "ይመር ተመለሰ!" ብለው ጨበጨቡ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አብዮት ጥበቃዎቹን ይዞ ሜዳው ዳር ቆሟል፤ ኦራሉም ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። እትዬ ዘሀራ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠዋል። ሰይድ አልመጣም፤ ለእሱ ማንም አልነገረውም ነበር።

ሙሄ እንደ ወንድሙ የግራ ክንፍ ነው። ኳስ ይዞ በመጣ ቁጥር ይመር ይሸሻል። አንዴ ልጁ ኳሷን ፊቱ አቁሞ ጠበቀው፤ ይመር ኳሷን ብቻ በቀስታ ወስዶ ሰጠኝ፤ ተመልካቹም "አረጀህ!" እያለ ሳቀበት። እረፍት ላይ ከቁጥቋጦው ኋላ ብቻውን አገኘሁት። "ተወው፣ እንሂድ" አልኩት። ወደ ኦራሉ አየና ተመልሶ ሜዳ ገባ።

ከእረፍት በኋላ ሙሄ ኳሷን ይዞ በቀጥታ ወደ እሱ መጣ። ሁለቱ ተያዩ። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ፤ እኔም ጨፈንኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ይመር ከልጁ እግር ሥር ተንበርክኮ እየሠራ ነበር። አንድ እጁ ተረከዙን ይዞ ይስባል፣ ሌላው አጥንቱን ይዳብሳል። ሙሄ ይጮኻል። "ቦርሳዬን!" አለኝ ይመር። ሮጬ አመጣሁ። ቅቤ፣ የተቀደደ ጨርቅና በልክ በልኩ የተቆረጠ የሸምበቆ ስንጥር አወጣ። እንዲያ አሳምሮ የታሰረ እግር በሕይወቴ አላየሁም። እግሩም ቀጥ ብሎ ገጠመ፤ ዛሬ ሙሄ ሲሄድ ያየ ሰው ተሰብሮ ነበር ቢሉት አያምንም።

ሰዉ "አይ ይመር፣ እድሉ ነው፣ ኳስ ነው እኮ" እያለ ማጽናናት ጀመረ። ሊቀመንበሩ ግን ቂል ሰው አልነበረም። ቀረብ ብሎ ከተረፉት ስንጥሮች አንዱን አነሣና በልጁ ደህና እግር ላይ ለካው። ከጉልበቱ ሥር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ልክክ አለ።

"ወጌሻው፣ ይህን መቼ ቆረጥከው?"

እኔም ያኔ ነው ያየሁት። ሰውየው ልጁ ስቃይ እንዳይረዝምበት፣ እንደ ወንድሙ እንዳይጠምምበት ብሎ፣ ሸምበቆውን ቤቱ ቁጭ ብሎ በልጁ ልክ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ አለስልሶ ይዞ መጥቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ሰብሮ ሸምበቆ ፍለጋ ይሮጥ ነበር፣ ማንም አይጠረጥረውም ነበር።

"አንዱ ልጅ በስንኩልነት ተመለሰ" አለ ሊቀመንበሩ ጮክ ብሎ። "አሁን ደግሞ ሁለተኛው። እናትየው ትምጣ! ከዘመቻ ለማስቀረት ተማክራችሁ ያደረጋችሁት ነው። ልጁም ተሸክማችሁት ቢሆን ይሄዳል፣ እሷም ትታሰራለች።"

ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ወደ ሴቶቹ ሄዱ። ይመር ቆመ።

"እሳቸው አያውቁም" አለ። "ልጁም አያውቅም። ሥራ ቀዝቅዞብኝ ነው። ሰው ካልተሰበረ ወጌሻን ማን ይፈልገዋል? በሰው ፊት ሰብሬ በሰው ፊት ብጠግነው ስሜ ይወጣል ብዬ ነው።"

ሜዳው ላይ ማጉረምረም ተነሣ። ሲያጽናኑት የነበሩት ሰዎች ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"ለምን የእነዚህን ልጅ መረጥክ?" አለ ሊቀመንበሩ፣ እጆቹን ከፊት እያሳሰረው።

ይመር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እትዬ ዘሀራ ዞረ። "ቀድሞም አንዱን ሰብሬባቸው ምንም አላሉኝም። አሁንም ምንም አይሉም ብዬ ነው" አለ።

እትዬ ዘሀራ ተነሡ። የያዟቸውን ሰዎች እጅ አስለቅቀው መጡ፤ አፈር ዘግነው ፊቱ ላይ በተኑበት። እኔ ልጃቸውን ለማዳን የሚያስመስሉ መስሎኝ ነበር፤ ሲጀምሩም እንደዚያ ነበር። "አረመኔ! የጎረቤት ጠላት! ልጄን ለገበያህ አረድክብኝ!" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

"ሰይዴንስ! ሰይዴን ምን አደረግከው? ያን የመሰለ ልጄን ጎልተህ አስቀረህብኝ! ሁሉ ሲተኛ እግሩን እየዳበሰ ሲያለቅስ ስንት ጊዜ ሰምቼው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ! ኳስ ነው አልኩህ፤ ምላሴ ነው ያለው፣ ሆዴ መቼ አለ! በመጣህ ቁጥር ሁለት እግር ይዘህ በደጄ ስትገባ ሳይህ እንዴት እንደምቃጠል አታውቅም! ወጥተህ ቅር! ቀባሪ አይኑርህ! አላህ ያንተን አጥንት የሚሰበስብ አይስጥህ!"

ሊቀመንበሩ እንኳ ደንግጦ ቆመ። እሳቸው ሲመርቁ አሚን ለማለት የሚሽቀዳደመው ሕዝብ በዚያ ቀን ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም። በእኛ አገር እርግማንም አሚን ከተባለ ይደርሳል ይባላል፤ ማንም ያን ሊሸከም አልፈለገም።

ይመር ክርስቲያን ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ ነበረው። የታሰሩ እጆቹን እንደ እስላሞቹ ገልብጦ ወደ ላይ ዘረጋ። ፊቱ አፈር ለብሷል። ያየሁበትን ነገር እፎይታ ከማለት ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

"አሚን" አለ።

እትዬ ዘሀራ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡና ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩት። ይመርን ብቻ ወደ ኦራሉ ወሰዱት።